የካርቦን ክር አምፖል ምንድን ነው?

የካርቦን ክር አምፖል ማለት የሚያበራው ክሩ ከብረት ሳይሆን ከከሰል የተሠራ አምፖል ነው። ክሩን ለማዘጋጀት ጥጥን ወይም ቀርከሃን የመሰለ የዕፅዋት ጭረት አየር በማይገባበት ምድጃ ውስጥ እንዲከስል ይደረጋል፤ የከሰለውም ክር ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ግሎ ብርሃን ይሰጣል። የጋለ ከሰል አየር ካገኘ ወዲያው ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር አስቀድሞ በፓምፕ ተስቦ መውጣት ነበረበት። በእንግሊዝ ጆሴፍ ስዋን፣ በአሜሪካ ቶማስ ኤዲሰን በየበኩላቸው ሲደክሙበት ቆይተው፣ ኤዲሰን በ1879 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከሰለ የጥጥ ክር ለሰዓታት ማብራት ቻለ፤ ብዙም ሳይቆይ ፊቱን ወደ ጃፓን ቀርከሃ አዙሮ የአምፖሉን ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት በላይ አደረሰው።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ አሮጌ አምፖልና መብራት ለሚሰበስብ ሰው ይህን ዓይነቱን ከሌላው መለየት ከሁሉ የሚቀድም ዕውቀት ነው። በካፌዎች ጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው ወርቃማ ብርሃን የሚሰጡት ጌጠኛ አምፖሎች ጥንታዊነታቸው በመልካቸው ብቻ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ወይ ተንግስተን ከሚባለው ብረት የተሠራ ሽቦ ወይ ቀጭን የኤልኢዲ ዘንግ ነው። በደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አሮጌ ቤት ለወጣ አምፖልም ቢሆን የቤቱ ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆነውም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ኩሊጅ ተንግስተንን ወደ ቀጭን ሽቦ የመሳብ ዘዴን በ1910 ገደማ ካስገኘ በኋላ የካርቦን ክር ከቤት መብራትነት እየወጣ ስለሄደ፣ ጣሊያን ደሴን ይዞ በቆየበት ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የተገጠመ አምፖል ተንግስተን የመሆኑ ዕድል እጅግ ያመዝናል። ሻጩ «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ካርቦን ነው ለማለት ግን ክሩ መታየት አለበት።

ክሩን በቀን ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ከኋላው ይዞ መመልከት ይበጃል። የካርቦን ክር ጠቆር ያለና ወፈር የሚል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቅልሎ ያለ ብዙ ድጋፍ ቆሞ ይታያል። የቀድሞው የተንግስተን ሽቦ ግን ረጅም ስለሆነ በበርካታ መንጠቆዎች ላይ ወጣ ወረድ እያለ የተዘረጋ ነው። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ምልክት ክሩ ኤሌክትሪክ ከሚያስገቡት ሁለት ሽቦዎች ጋር የተገናኘበትን ቦታ ነው፤ በካርቦን አምፖል ላይ በዚያ ቦታ መጋጠሚያውን የያዘች ጥቁር የካርቦን ለጥፍ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ያነሰች እብጠት ሆና ትታያለች። በብርጭቆው አናት ላይ ያለው ሹል ጫፍ አየሩ ተስቦ ካለቀ በኋላ ብርጭቆው የታሸገበት ቦታ ነው፤ ነገር ግን ቀደምት የተንግስተን አምፖሎችም ስለነበራቸው ዕድሜን እንጂ የክሩን ዓይነት አይናገርም።

ክሩ ካልተበጠሰ ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ ነው። ካርቦንና ተንግስተን በሙቀት ጊዜ ጠባያቸው ተቃራኒ ነው፤ የተንግስተን ተቃውሞ (በኦም የሚለካው፣ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመግታት ጠባይ) ሲግል ይጨምራል፣ የካርቦን ግን ይቀንሳል። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ ተቃውሞው 800 ኦም ገደማ ነው። ተንግስተን ከሆነ ጠፍቶ ሳለ ሲለካ ከ60 እስከ 70 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ካርቦን ከሆነ ግን ከ800 ኦም እጅግ ከፍ ብሎ ወደ እጥፉ ይጠጋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ ማንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ሊያረጋግጠው ይችላል።

በብርጭቆው ወይም በወረቀት ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥርም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ዛሬ «የ60 ሻማ አምፖል» ስንል 60 ዋት ማለታችን ሲሆን፣ በካርቦን አምፖል ላይ የተጻፈው 16 ግን የእውነተኛ ሻማ ብርሃን ልክ ነው፤ ያን 16 ሻማ ለመስጠት አምፖሉ 50 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከብክነቱ ብዛት የተነሣ በተንግስተን መሸነፉ አያስገርምም።

የተገኘውን አምፖል ለማብራት መቸኮል ግን ያስቆጫል። አሜሪካ ሠራሽ የሆነው በ110 ቮልት ገደማ እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ክሩ በቅጽበት ይበጠሳል። በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር በእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ የሚበራው የሸልቢ ኩባንያ አምፖል የካርቦን ክር ያለው ነው፤ ሆኖም አሁን የሚፈጀው 4 ዋት ገደማ ብቻ ሲሆን ብርሃኑም ደብዛዛ ነው። የራሱን አምፖል ሲበራ ለማየት የሚጓጓ ሰው ቮልቴጅ በሚቀንስ መሣሪያ ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ማድረግና ክሩ ገና ቀይ ሳለ ማቆም ይኖርበታል።

አያያዙም የራሱ ሥርዓት አለው። ካርቦን ዱብ ማለትን የማይችል ተሰባሪ ነገር ስለሆነ፣ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አምፖል በባዘቶ ተጠቅልሎ፣ የናስ ጥምዙ (ወደ መብራቱ መያዣ የሚጠመዘዘው እግሩ) ወደ ታች ሆኖ፣ በእጅ ተይዞ ቢጓዝ ይመረጣል። የደሴ ጭጋግና እርጥበት ናሱን ያዝገዋል፣ ብርጭቆውን ከናሱ ጋር ያጣበቀውንም ጀሶ ያላላዋል፤ ስለዚህ ደረቅ ሣጥን ያስፈልጋል። አቧራው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በውሃ አይታጠብም፤ ቮልቱና ሻማው የተጻፈበት ወረቀት ከለቀቀ አይመለስምና። ክሩ የተበጠሰውንም ቢሆን ለናሱ ሲሉ ለቁራሌው መስጠት አይገባም፤ የክሩ ቅሪትና የለጥፉ እብጠት እስካሉ ድረስ ሌሎችን ለመለየት ማነጻጸሪያ ሆኖ ያገለግላል።