ጥላ፣ ዋርካና ሳይን፦ ስለ ትሪጎኖሜትሪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና፣ ትሪጎኖሜትሪ (የጎነ ሦስት ጎኖችና ማዕዘኖች ግንኙነት) ላይ ስንደርስ የሚሰናከሉበት ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ከማራኪ የመጣውም ከአዘዞ የመጣውም፣ ጎበዙም መካከለኛውም «ሶካቶዋ»ን በቃሉ ይወጣዋል፦ ሳይን ኦፖዚት በሃይፖቴነስ፣ ኮሳይን አጃሰንት በሃይፖቴነስ፣ ታንጀንት ኦፖዚት በአጃሰንት (ኦፖዚት ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን፣ አጃሰንት አጠገቡ ያለው፣ ሃይፖቴነስ ደግሞ ከ90° ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን ነው)። ጥያቄው መልኩን ትንሽ ሲቀይር ግን እጁ ይቆማል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ቀመሩን የያዙት ሳይን ማለት የሁለት ጎኖች ሬሾ (አንዱ ለሌላው ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር) መሆኑ ሳይገባቸው በፊት ስለሆነ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የመጡ ናቸው።

«ጎነ ሦስቱ ሲተልቅ ሳይኑም ይተልቃል»

አይተልቅም። ደብተር ላይ በፕሮትራክተር የ30° ማዕዘን ሥሩ። ከዚያ አንዱን ክንድ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ቀጥሎ 10 ላይ፣ ቀጥሎ 15 ላይ ምልክት አድርጉና ከየምልክቱ ወደ ሌላው ክንድ 90° የሚሠራ መስመር አውርዱ። ሦስት ጎነ ሦስቶች ታገኛላችሁ። የወረዱት መስመሮች በማስመሪያ ሲለኩ 2፣ 5 እና 7.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። 2 ለ4፣ 5 ለ10፣ 7.5 ለ15፤ ሁሉም ግማሽ ነው። ሳይን 30° ማለት ይህ ግማሽ ነው። ሳንቲ ሜትርም ሜትርም የለውም፤ ርዝመት ስላልሆነ መለኪያ አይከተለውም። የተማሪ ደብተር ላይ «ሳይን 30° = 0.5 ሳ.ሜ.» የሚል ባየሁ ቁጥር ወደዚህ ሥዕል እመልሰዋለሁ።

ይህ ሐሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በጾም ጊዜ ሰዓቱን ለማወቅ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላውን በገዛ እግሩ ጫማ የሚለካበት የቆየ ልማድ አለን። የሁሉም ሰው ጫማ እኩል ካልሆነ ልኬቱ እንዴት ያስማማል? የሚያስማማው ቁመቱ የሚረዝም ሰው ጫማውም ስለሚረዝም ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት በራሱ እግር ሲለካ ስድስት ተኩል ጫማ ያህል ይመጣል፤ ረጅሙም አጭሩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ጥላው ስድስት ተኩል ጫማ የሆነ ሰው ቁመቱና ጥላው እኩል ናቸው፤ ፀሐይዋም ከአድማስ 45° ላይ ናት፣ ምክንያቱም ቁመት ለጥላ ሲካፈል የፀሐይዋ ማዕዘን ታንጀንት ነው፤ ታንጀንት 45° ደግሞ አንድ ነው። ጥላው ወደ አራት ጫማ ሲያጥር ፀሐይዋ ወደ 60° ተጠግታለች። አንድ አባትና የልጅ ልጃቸው ጎን ለጎን ቆመው ቢለኩ የጥላዎቹ ርዝመት ይለያያል፣ ቁጥሩ ግን ይቀራረባል። ይህን የተረዳ ተማሪ ታንጀንትን ተረድቷል፤ የቀረው ስሙን ማወቅ ነው።

«ኦፖዚት ማለት የቆመው ጎን ነው»

መጽሐፎች ጎነ ሦስቱን ብዙ ጊዜ ተኝቶ ስለሚያሳዩት፣ ተማሪው የቆመውን ጎን ኦፖዚት፣ የተኛውን አጃሰንት ብሎ ይይዛል። እውነታው፣ እነዚህ ስሞች የሚሰጡት ከተመረጠው ማዕዘን አንጻር ነው። ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ኦፖዚት ነው፤ ማዕዘኑን ከሃይፖቴነስ ጋር የሚሠራው አጃሰንት ነው። ሌላኛውን ማዕዘን ብትመርጡ ሁለቱ ስም ይለዋወጣሉ። ስሙን የማይቀይረው ከ90° ፊት ለፊት ያለው ሃይፖቴነስ ብቻ ነው። የሳይን 30° እና የኮሳይን 60° ዋጋ እኩል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያው አንድ ጎን ከሁለት ቦታ ታየ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወረቀቱን አዙሩት። ጎነ ሦስቱን ዘቅዝቃችሁ፣ አጋድማችሁ ሥሩና ጎኖቹን እንደገና ሰይሙ።

«ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን ሳይኑም እጥፍ ይሆናል»

ሳይን 30° ግማሽ ከሆነ ሳይን 60° አንድ ነው የሚል መልስ በየፈተናው ይገኛል። ትክክለኛው 0.866 ገደማ ነው። የዚህ ዘመድ የሆነው ስህተት የሁለት ማዕዘኖች ድምር ሳይን ከሳይኖቻቸው ድምር ጋር እኩል ነው ማለት ነው። በ30° እና በ60° ፈትኑት፦ 0.5 እና 0.866 ሲደመር 1.366 ይመጣል። ሃይፖቴነስ ከሦስቱ ጎኖች ረጅሙ ስለሆነ ደግሞ ሳይን ከአንድ መብለጥ አይችልም። አንድ ተማሪ ይህችን ብቻ ቢያስታውስ ብዙ የተሳሳተ መልስ ከማስረከቡ በፊት ራሱ ይይዘዋል።

በታንጀንት ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ታንጀንት 45° አንድ ነው፤ ታንጀንት 80° 5.67 ነው፤ ታንጀንት 89° ደግሞ 57 አልፏል። ዳገት በመቶኛ ሲነገር የሚፈጠረው ግራ መጋባትም ከዚህ ይመጣል። ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣውን ዓይነት መንገድ ሰዎች «10 በመቶ ዳገት» ሲሉ ከሰማችሁ 10° ማለት አይደለም። በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 10 ሜትር ይወጣል ማለት ነው፤ ማዕዘኑ 5.7° ብቻ ነው። መቶ በመቶ ዳገትም ቀጥ ያለ ገደል ሳይሆን 45° ነው።

«ታንጀንት 90° ዜሮ ነው»

ካልኩሌተሩ ስህተት ብሎ ሲመልስ ብዙዎች ዜሮ ጽፈው ያልፋሉ። ጎንደር ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12.6° ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ፣ ማለትም ከአድማስ 90° ላይ ትሆናለች፦ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ ደግሞ በቡሄ ሰሞን፣ ነሐሴ 13 ገደማ። በእነዚያ ቀናት ግቢያችሁ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለው የ45° ኬንትሮስ መስመር ስለሆነ፣ የጎንደር እውነተኛ እኩለ ቀን የሚውለው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያን ጊዜ እንጨቱ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በነሐሴ ደመናው ስለሚያስቸግር ሚያዝያ ይመረጣል።

አሁን ታንጀንትን አስቡ፤ የእንጨቱ ቁመት ለጥላው ሲካፈል ነው። ጥላው እያጠረ ሲሄድ ውጤቱ እያደገ ይሄዳል። ጥላው ዜሮ ሲሆን በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ዋጋ የለውም። «ዋጋ የለውም» እና «ዋጋው ዜሮ ነው» ደግሞ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ታንጀንቱ ዜሮ የሚሆነው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ነው።

«3፣ 4፣ 5 ጎን ያለው ጎነ ሦስት ማዕዘኖቹ 30°፣ 60°፣ 90° ናቸው»

90° መሆኑ እውነት ነው። ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ በሲባጎ 3 ሜትር፣ 4 ሜትርና 5 ሜትር ለክተው ማዕዘኑን ቀጥ የሚያደርጉት በዚህ ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን 36.9° እና 53.1° ገደማ ናቸው።

የ30°ና የ60° ጎነ ሦስት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሦስቱም ጎኖቹ 2 የሆኑ ጎነ ሦስት ሥሩና ከአናቱ ወደ መሠረቱ መሐል ቁረጡት። ግማሹ 1፣ ስኩዌር ሩት 3 እና 2 ጎኖች ይኖሩታል። ሳይን 30° ግማሽ፣ ኮሳይን 30° የስኩዌር ሩት 3 ግማሽ፣ ታንጀንት 60° ስኩዌር ሩት 3፤ ሁሉም እዚያው ተጽፈዋል። ለ45° ደግሞ ጎኑ 1 የሆነ ካሬን በሰያፍ ቁረጡ። ስለዚህ «ሠንጠረዡን ሳልሸመድድ አልችልም» የሚለውም እውነት አይደለም። ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ እነዚህን ሁለት ሥዕሎች ጥግ ላይ መሥራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የተሸመደደ ሠንጠረዥ ግን በድንጋጤ ይጠፋል።

ካልኩሌተር ላይ የሚፈጠሩ ሁለት ስህተቶች

ከሳይን ራስጌ ትንሽ −1 የተጻፈበት ቁልፍ «አንድ ሲካፈል ለሳይን» ማለት አይደለም። ሬሾውን ተቀብሎ ማዕዘኑን ይመልሳል፤ 0.5 ስትሰጡት 30° ይላል። አንድ ለ0.5 ቢካፈል ግን 2 ነው። ሌላው፣ ካልኩሌተሩ በራዲያን (ከዲግሪ ሌላ በሆነ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሳይን 30 ብላችሁ ስትጠይቁ −0.988 ይመልሳል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሳይን 30 አስገብታችሁ 0.5 መምጣቱን እዩ።

«ሶካቶዋ ለማንኛውም ጎነ ሦስት ይሠራል»

የሚሠራው 90° ላለው ብቻ ነው። ለሌላው የሳይን ሕግና የኮሳይን ሕግ አሉ። የሳይን ሕግ እያንዳንዱ ጎን ከፊት ለፊቱ ባለው ማዕዘን ሳይን ሲካፈል ሦስቱም ውጤቶች እኩል ናቸው ይላል። እዚህ ላይ ጎበዞችም የሚስቱት ነገር አለ። አንድ ማዕዘን 30°፣ ከፊቱ ያለው ጎን 6፣ ሌላ ጎን 10 ቢሰጣችሁ ከ10 ፊት ያለው ማዕዘን ሳይኑ 0.833 ይሆናል። ካልኩሌተሩ 56.4° ይላል። 123.6°ም ግን ያው ሳይን አለው፣ ከ30° ጋር ሲደመርም 180° አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ትክክለኛ ጎነ ሦስቶች አሉ፤ የአንዱ ሦስተኛ ጎን 12 ሊሆን ጥቂት የቀረው ሲሆን የሌላው 5.3 ነው። ኮምፓስ ይዞ ለሚሥለው ቅስቱ መስመሩን ሁለት ቦታ ሲቆርጠው ይታየዋል። ለዚህ ነው ሳትሥሉ ወደ ቀመር አትሂዱ የምለው።

«ቁመት ስንለካ ቀረብ ማለት ይሻላል»

ይህን ከክፍል ወጥቶ መሞከር ይገባል። የጎንደሩን ጃንተከል ዋርካ ውሰዱ። ፕሮትራክተር፣ ክርና ትንሽ ጠጠር በቂ ነው፦ ክሩን መሐሉ ላይ እሰሩ፣ ጠጠሩን አንጠልጥሉ፣ በቀጥታው ጠርዝ የዛፉን አናት አነጣጥሩ። ጠርዙ አግድም ሲሆን ክሩ 90 ላይ ያርፋል፤ የምትፈልጉት ማዕዘን ከ90 የራቀበት መጠን ነው። ክሩ 50 ላይ ከሆነ ማዕዘኑ 40° ነው። 50ን እንዳለ የወሰደ ሰው ከ20 ሜትር ርቀት ላይ ቁመቱን ሰባት ሜትር ያህል ያስረዝመዋል።

ለምሳሌ ከግንዱ 20 ሜትር ርቃችሁ 40° አነበባችሁ እንበል። ታንጀንት 40° 0.839 ስለሆነ 16.8 ሜትር ይመጣል። ይህ ግን ከዓይናችሁ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ዓይናችሁ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ከሆነ ዛፉ 18.3 ሜትር ነው። የዓይንን ቁመት አለመደመር በጣም የተለመደው ስህተት ነው።

ርቀቱስ? በእንዲህ ያለ መሣሪያ አንድ ዲግሪ መሳት አይቀርም። ከ20 ሜትር ላይ አንድ ዲግሪ ብትስቱ ቁመቱን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳስታችኋል። ከ5 ሜትር ላይ ግን ስህተቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ከ80 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። በጣም መቅረብም በጣም መራቅም ይጎዳል። ማዕዘኑ ወደ 45° የሚጠጋበት ቦታ ይመረጣል።

«ሥሩ ካልተደረሰበት ቁመቱ አይለካም»

የፋሲል ግቢን ማማዎች ከአጥሩ ውጭ ሆኖ መለካት ይቻላል። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1838 ጎንደር ገብቶ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በአገራችን እየተዘዋወረ፣ ከተራራ ጫፍ ላይ ሌላውን ጫፍ በቴዎዶላይት (ማዕዘን በሚለካ መሣሪያ) እያነጣጠረ ማዕዘን ሲመዘግብ ነበር። ረግጧቸው የማያውቃቸውን ተራሮች ካርታ ላይ ያስቀመጠው በጎነ ሦስት ስሌት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ ታትሟል።

እናንተም ሜዳ በሆነ ቦታ ቆማችሁ የማማውን ጫፍ 30° አነበባችሁ እንበል። ወደ ማማው ቀጥ ብላችሁ 20 ሜትር ተጠግታችሁ ስታነቡ 45° ሆነ። በቅርቡ ቦታ ላይ ርቀቱና ከዓይን በላይ ያለው ቁመት እኩል ናቸው። በሩቁ ቦታ ላይ ርቀቱ የቁመቱ 1.732 እጥፍ ነው። ልዩነቱ የቁመቱ 0.732 እጥፍ ሲሆን፣ እሱም የተራመዳችሁት 20 ሜትር ነው። 20ን ለ0.732 ብታካፍሉ 27.3 ሜትር ይመጣል፤ 1.5 ሜትር የዓይን ቁመት ሲጨመር 28.8። ሁለቱ የቆማችሁባቸው ቦታዎችና ማማው በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልሆኑ ግን ይህ አቋራጭ አይሠራም፤ በየቦታው በማማውና በሌላኛው መቆሚያችሁ መካከል ያለውን አግድም ማዕዘን ጨምራችሁ አንብቡና በሳይን ሕግ ሥሩት።