ሦስት ቃላት ከዜላ፦ የላቲን አባባሎች ለምን አይሞቱም?

የላቲን አባባል የሚባለው በጥንቷ ሮም ቋንቋ ተነግሮ ወይም ተጽፎ ዛሬም ሳይተረጎም የሚጠቀስ አጭር ንግግር ነው። ነባሮቹ ሊቃውንታችን ቋንቋውን ሮማይስጥ ይሉታል። ላቲን አፉን የሚፈታበት ልጅ ካጣ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በፍርድ ቤት፣ በሕክምናና በዩኒቨርሲቲ ግን ኖረ። ግዕዝ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከነገሥታቱ ማኅተም ላይ ሳይተረጎም ሲነበብ ኖሯል፤ የራእይ መጽሐፍ ያንኑ ቃል በላቲን «ቪቺት ሌዮ ዴ ትሪቡ ዩዳ» ይለዋል። «ቪቺት» ማለት አሸነፈ ነው። ከላቲን አባባሎች ሁሉ የታወቀውም በዚሁ ግሥ ያልቃል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዩልየስ ቄሣር ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ዜላ የጳንጦሱን ንጉሥ ፋርናከስን ድል አደረገ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚለው ለሮም ወዳጁ የጻፈው ሦስት ቃላት ብቻ ነበር፦ «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ»። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ደግሞ ቃላቱ በድል ሰልፉ ላይ በሰሌዳ ተጽፈው እንዳለፉ ይተርካል። እርሱ እንደሚነግረን ቄሣር በደረሰ በአምስተኛው ቀን፣ ጠላትን ባየ በአራት ሰዓት ውስጥ ጦርነቱን ጨርሶ ነበር፤ ሰሌዳውም የጦርነቱን ታሪክ ሳይሆን ፍጥነቱን ለመናገር የተሠራ ነው። ስለዚህ አጭርነቱ ራሱ ዜናው ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ስድስት ቃላት ያስፈልጉታል። አማርኛ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍሁ» ብሎ በሦስት ይጨርሰዋል፤ ላቲኑ በ«ኢ» ቤት እንደሚመታ የእኛም በ«ሁ» ቤት ይመታል። ምክንያቱ ሰዋስው ነው። በሁለቱም ቋንቋ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ተሸሽጓል፤ «እኔ» ማለት አያስፈልግም። ላቲን በዚህ ላይ የስምን ሙያ በመድረሻው ስለሚያሳይ፣ ቃላቱን እንደ ልብ እያዟዟሩ ማሰካካት ይቻላል። በድንጋይ ላይ ለመቅረጽም ሆነ በቃል ለመያዝ እንዲህ ያለ ቋንቋ ይመቻል።

የሚያስደንቀው ግን በላቲን የታወቁ አባባሎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ግሪክኛ መሆናቸው ነው። ቄሣር ከልደት በፊት በ49 ሩቢኮን ወንዝን ሲሻገር ተናገረው የሚባለው «አሌያ ያክታ ኤስት»፣ ማለትም ዕጣው ተጣለ፣ እንደ ፕሉታርክ አገላለጽ በግሪክኛ የተነገረ ነው። የተማረ ሮማዊ በጭንቅ ሰዓት ግሪክኛ መጥቀሱ የተለመደ ነበር። ቄሣር ሲገደል ተናገረው የሚባለው «አንተም ብሩቱስ?» የሚል ላቲን ደግሞ የታወቀው በሼክስፒር ተውኔት ነው፤ ስዌቶኒየስ አንዳንዶች እንደሚሉት ብሎ የመዘገበው «ልጄ፣ አንተም?» የሚል ግሪክኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው፣ በእኔ ግምት፣ «ካርፔ ዲዬም» ነው። ዛሬ ለጭፈራና ለሽርሽር ማስታወቂያ ይውላል። ገጣሚው ሆራስ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ልጅ ነበር፤ ቃሉ የሚገኝበት ግጥም ስምንት መስመር ብቻ ነው፣ የተነገረውም ሌውኮኖኤ ለተባለች ሴት። መጨረሻችን መቼ እንደሆነ በባቢሎን ኮከብ ቆጠራ አትመርምሪ ይላታል። ክረምት ነው፤ ማዕበሉ ከዓለቱ ጋር እየተላተመ ነው። ጠጅሽን አጥሪ፣ ረጅሙን ተስፋ ቁረጪው፤ እየተነጋገርን ሳለ እንኳ ቀናተኛው ጊዜ አመለጠን ይላል። ከዚያ በኋላ ነው «ካርፔ ዲዬም» የሚመጣው። ግሡ ፍሬና አበባ ለመቅጠፍ የሚነገር ነው፤ «ዕለቷን ቅጠፊያት» ቢባል ይቀርበዋል። አማርኛችን «ሞት ቀጠፈው» ስለሚል፣ በእኛ ትርጉም ግጥሙ ውስጥ የቆመው የሞት ጥላም አብሮ ይሰማል።

የሮማዊው ገጣሚ የዩቬናልም ዕጣ እንዲሁ ነው። «ዳቦና ትርኢት» ያለው በአሥረኛው ሳታየሩ፣ ማለትም በሽሙጥ ግጥሙ፣ ሲሆን፣ ቀድሞ ሥልጣንና ጦር ይሰጥ የነበረ ሕዝብ አሁን የሚመኘው ሁለት ነገር ብቻ መሆኑን አይቶ አዝኖ ነው። በየስፖርት ቤቱ የሚጠቀሰው «ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል» ከዚያው ሥራ ሲወጣ፣ በስፍራው ግን ሰው ምን ብሎ ይጸልይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። «ጠባቂዎቹን ማን ይጠብቃቸው?» የሚለውም መነሻው መንግሥት አልነበረም፤ ሚስቱን ዘበኛ ሊያቆምባት ለሚያስብ ባል ነው የተነገረው። ጥያቄው ግን ከሰውየው ቤት በጣም የሚሰፋ ስለሆነ ወጣ።

እነዚህን ቃላት ለአውሮፓ በብዛት ያደረሰው ሆላንዳዊው ሊቅ ኤራስመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1500 ፓሪስ ላይ 800 ያህል አባባሎችን ሰብስቦ አሳተመ፤ በ1536 ሲሞት ስብስቡ ከ4,000 አልፎ ነበር። በተለይ የወደደው የሮም ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ያዘወትረው የነበረውን «ፌስቲና ሌንቴ»፣ ቀስ ብለህ ፍጠን፣ ነው። የቬኒስ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ መልሕቅ ላይ የተጠመጠመ ዶልፊን ምልክቱ ያደረገው ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነው። የእኛ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ችኮላን ብቻ ይቆጣል፤ ላቲኑ ግን ሁለቱን ተቃራኒዎች በሁለት ቃላት አጋጥሞ ይተዋቸዋል።

ላቲን ወደ እኛም ደርሷል። የአማርኛን ሰዋስው የሚገልጸው የጀርመናዊው ሊቅ የሂዮብ ሉዶልፍ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የታተመው በላቲን ነው። የሕግ ተማሪዎቻችን «ሃቢየስ ኮርፐስ» የሚሉት፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ እ.ኤ.አ. በ1965ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ላይ ይገኛል።

ከመጻሕፍቱም ውጪ ላቲን በገበያ ውሎ ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በሞተችበት እ.ኤ.አ. በ1780 ዓመት ማኅተም ከዚያም በኋላ ሲመታ የኖረው፣ 28 ግራም የሚመዝነው ጠገራ ብር፣ ለጨውም ለቡናም መገበያያችን ሆኖ ኖሯል። ነጋዴው በጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች አጥርቶ አይቶ ነበር የሚቀበለው። ዛሬ በአያት ሣጥን ወይም በብር አንጥረኛ ዘንድ ያገኘው ሰው ጠርዙን በጣቱ ቀስ አድርጎ ቢያዞረው ጽሑፉ ይነበብለታል፦ «ዩስቲጺያ ኤት ክሌሜንጺያ»፣ ፍትሕና ምሕረት።