ከእስር የወጡ ወጣቶችና ሙዚቃ፦ ጅማ ላይ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ውስጥ «ከማረሚያ ቤት ለወጡና ጎዳና ላይ ለሚውሉ ልጆች ሙዚቃ እናስተምር» ሲባል አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ደግሞ ከልክ በላይ ይደሰታል። ሦስቱም የሳቱት ነገር አለ።

«ሙዚቃ ዱርዬነትን ነው የሚያባብሰው»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጃቸው እዚሁ ጅማ መርካቶ ወይም አጂፕ ሰፈር ሲያመሽ እንቅልፍ የሚያጡ ወላጆች ናቸው። ሙዚቃ ሲባል የሚታያቸው መጠጥ ቤትና ጭፈራ ነው።

የልምምድ ክፍል ግን ሌላ ነው። ክራር የሚቃኝ ልጅ ተመልከቱ። ጆሮውን ያስጠጋል፣ ክሩን ትንሽ ያጠብቃል፣ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ መልሶ ያላላል። ከቸኮለ ክሩ ይበጠስና እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ሌሎቹም ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ከበሮ መቺው ከፈጠነ ዘፋኙ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ወዲያው ይነገረዋል። ማንም አልሰደበው፣ ማንም አልመታው። ስህተቱን ሰምቶ ያስተካክላል። ዱላ ለለመደ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቤተሰቡ በሃይማኖት ምክንያት የሙዚቃ መሣሪያ ካልወደደ ክርክር አያስፈልግም። ጅማ መንዙማ የሚታወቅባት ከተማ ናት። በሚያውቁት አባቶች ፈቃድና አመራር በድምፅና በድቤ ብቻ መሥራት ይቻላል።

«ጎበዙን መርጠን እናስተምር»

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው ጅማ ነው። ሌላ ሙላቱ ይገኝ ይሆናል ብሎ መመኘት አያስወቅስም። ዝነኛው ድምፃዊ ማህሙድ አህመድም መጀመሪያ ሊስትሮ ነበር። ግን ፕሮግራሙ ኮከብ ፍለጋ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን «አንተ አትሆንም» የሚባል ልጅ ይኖራል። ይህን ልጅ ትምህርት ቤቱም፣ ሰፈሩም፣ አንዳንዴም ቤቱ እንዲሁ ብሎታል። እኛ ደግሞ አንድገምለት። ድምፁ የማያምር ያጨብጭብ፣ ይቀበል፣ ከበሮ ይምታ፣ ድምፅ ማጉያ ይግጠም።

«መሣሪያው ውድ ነው»

ፒያኖ ከታሰበ አዎ። ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ግን እዚሁ አገር የሚሠሩ ናቸው። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው በየሳምንቱ ሳይቀር የሚመጣ አስተማሪ ማግኘት ነው።

«በሩን ከከፈትን የተቸገረው ይመጣል»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ቬንዙዌላ ውስጥ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው ኤል ሲስተማ የሚባል የሙዚቃ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በ16 የፕሮግራሙ ማዕከላት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ከተመዝጋቢዎቹ ድሃ የነበሩት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ናቸው። በሚኖሩባቸው ግዛቶች ግን ከመቶ 47 ያህሉ ልጆች ድሆች ነበሩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ቀድሞ የገባው ግን ወላጁ እጁን ይዞ የሚያመጣው ልጅ ነው።

ጅማም ላይ ያው ነው። ከማረሚያ የወጣ ልጅ ማስታወቂያ አንብቦ አይመጣም። ቀን ጭነት ያወርዳል ወይም ጫማ ይጠርጋል። ልምምዱ በሥራ ሰዓት ከሆነ የዕለት ጉርሱን ትቶ አይመጣም፣ ሊመጣም አይገባም። ስለዚህ ሰዓቱ ከእሱ ጋር ይወሰን። የሚበላ ነገር ይኑር። ሁለት ቀን ከቀረ የሚያውቀው ሰው ሄዶ ይጠይቀው፣ ስልክ ብቻ አይበቃም። ከተቻለ ደግሞ ገና ሳይፈታ እዚያው ማረሚያ ቤት ይጀመር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም የመዝናኛና የባህል እንቅስቃሴ በሁሉም ማረሚያ ቤቶች እንዲኖር ይላሉ። ውስጥ የሚያውቀው አስተማሪ ውጭ ሲጠብቀው የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

«ሙዚቃ ከተማረ ተመልሶ አይታሰርም»

ይህን ቃል መግባት ልጁን መጉዳት ነው። ያው የኤል ሲስተማ ጥናት ከ6 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ራስን በመግዛት መሻሻላቸውንና የባህርይ ችግራቸው መቀነሱን አይቷል። በማስተዋልና በማሰብ ችሎታ ግን በጥቅሉ ለውጥ አላገኘም። እነዚህ ደግሞ ታስረው የወጡ ወጣቶች አይደሉም። በአመክሮ፣ ማለትም የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ የወጣ ወጣት መታወቂያ፣ ማደሪያና ሥራ ይፈልጋል። ክራር አንዱንም አይተካም። ቀበሌ አብሮት የሚሄድ፣ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ብሎ የሚመሰክርለት ሰው ግን ከልምምድ ክፍሉ ሊያገኝ ይችላል።

«መድረክ ላይ ታሪኩን ይናገር፣ ሰው ይማርበታል»

ድጋፍ ሰጪዎች ይህን ይወዱታል። ጅማ ግን ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ዛሬ ያጨበጨበለት ሰውዬ ነገ ሥራ ሊቀጥረው ሲል የሚያስታውሰው ክራሩን ሳይሆን እስሩን ነው። ፖስተሩ ላይ ስሙና የሚጫወተው መሣሪያ ይበቃል። ራሱ ልናገር ካለ እነማን እንደሚሰሙት፣ ቪዲዮው የት እንደሚለጠፍ አስቀድሞ ይነገረው። መድረክ ሊወጣ ሲል ሐሳቡን ከቀየረም «ለምን?» አይባል፤ ዘፈኑን ዘፍኖ ይውረድ።