«ጨመር አድርጊበት!» ስለ ብርቱካን ኬክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጓደኞቼን እራት ስጠራ ዶሮ ወጥ አይቀርም። ከዶሮ ወጥ በኋላ ደግሞ ክሬም የተከመረበት ኬክ አይወርድም። ስለዚህ ሁሌም የምጋግረው የብርቱካን ኬክ ነው። ምክር ግን ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ አብዛኛው «ጨመር አድርጊበት» የሚል ነው። የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ጭማቂው በበዛ ቁጥር ብርቱካን ብርቱካን ይላል»

አይልም። ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ነው። ሲበዛ ኬኩ መሐሉ ሳይበስል ይቀራል። ሽታው ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ብርቱካን ስንልጥ ፊጭ ብሎ ዓይናችንን የሚያቃጥለው ዘይት። የሁለት ብርቱካን የላይኛውን ቆዳ በደቃቁ መፈቅፈቂያ ፈቅፍቁና ከስኳሩ ጋር በጣታችሁ እሹት። ስኳሩ ዘይቱን ይመጠዋል፤ ቤቱም ያውዳል። ነጩ ጋ ስትደርሱ ግን አቁሙ፣ ይመራል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ለአንድ ኬክም ሸክም ነው። ጭማቂውን ለመጨረሻ አቆዩት። ግማሽ ስኒውን ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ሞቅ አድርጉና፣ ኬኩ ከኦቨን እንደወጣ በጥርስ መጎርጎሪያ በሳስታችሁ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት።

ነጩን ስለ መጣል አንድ ነገር ልበል። ከስፔን የተሰደዱት አይሁዶች ብርቱካኑን ከነልጣጩ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀቅሉታል። ከዚያ ፈጭተው በስንዴ ዱቄት ፋንታ ከተፈጨ አልመንድ፣ ከእንቁላልና ከስኳር ጋር ይጋግሩታል። ረጅም ቅቅል ምሬቱን ያለዝበዋል። ስንዴ የማይስማማው እንግዳ ካለባችሁ ያዙት።

«ብርቱካኑ አረንጓዴ ከሆነ አልበሰለም»

ብርቱካን ቆዳው ቢጫ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እንደ አዋሽ ባለ ሞቃት ቆላ ውስጡ በስሎ ውጩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። ቀለሙን ትታችሁ በእጅ መዝኑት፤ ከበድ ያለው ውሃ አለው። የአረንጓዴውም ቆዳ ይፈቀፈቃል።

«ኬኩ የወደቀው ቤኪንግ ፓውደር ስላነሰው ነው»

ይሄኛው ስንት ኬክ አበላሽቶብኛል! አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኬኩ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል። ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይጠነክሩ ኬኩ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ መሐሉ ዝርግት ይላል። ያንን አይተን በሚቀጥለው ቤኪንግ ፓውደር ስንጨምር የባሰ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ የምንከተለው አሠራር የተጻፈው በባሕር ወለል አካባቢ ላሉ አገሮች ነው። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ቢያንስ በሩብ ቀንሱ። ለአንድ ኩባያ ስኳር አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አጉድሉ። ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፤ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨምሩ (አዎ፣ እዚህ ጋ መጨመር ተፈቅዷል)። ኦቨኑንም ከተጻፈው 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉት። ዱባይ ያላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ዴንቨር ያላችሁ ግን አትዝለሉት፣ እናንተም 1,600 ሜትር ላይ ናችሁ።

«ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ያው ናቸው»

አይደሉም። ሶዳ ለብቻው አይሠራም፣ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። ፓውደሩ ኮምጣጣውን ይዞ ነው የሚመጣው። ሶዳ ከበዛ ደግሞ የብርቱካኑን ኮምጣጣነት ያጠፋውና ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል።

«ያለ እንቁላል ኬክ አይነሳም»

ከጓደኞቼ አንዷ ጾም አትገድፍም። ለእሷ ብዬ ስሞክር ነው የጾሙ ኬክ ከፍስኩ የማይተናነስ መሆኑን ያወቅኩት። አንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የማይሞላ ስኳር፣ ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂና ውሃ ግማሽ በግማሽ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። የተፈቀፈቀውን ልጣጭ እንዳትረሱ። አቼቶውና ጭማቂው ከሶዳው ጋር ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነው የሚያነሳው። ጋዙ እንዳያመልጥ ሳትዘገዩ ኦቨን ውስጥ ክተቱት። የአቼቶ ሽታም አይቀርበትም።

«ወተቱ ሎሚ ሲነካው ተቋጠረ፣ ይደፋ»

ተዉት፣ አይደፋም። ኮምጣጣ ወተት ኬክን ያለሰልሳል።

«ኬክ ትኩሱን ነው የሚበላው»

ለእንጀራ አልከራከርም። የብርቱካን ኬክ ግን በነጋታው ነው የሚጥመው። ሲያድር ሽሮፑ እስከ ውስጥ ይገባል፣ ሽታውም ይረጋል። በዘይት የተሠራ ከሆነ ደግሞ አይደርቅም፤ ቅቤ በብርድ ስለሚጠነክር የቅቤው ኬክ ፍሪጅ ገብቶ ሲወጣ ደረቅ ያለ ይመስላል። ለቅዳሜ እራት ዓርብ ማታ ጋግሩት። ቅዳሜ ቀን ሽንኩርት ስታቁላሉ ስለ ኬክ አታስቡም።

ችግሩ ሳይነካ እንዲያድር ማድረጉ ነው። እኔ የእንጀራ ምጣዱ ላይ አስቀምጬ አክንባሎውን እደፋበታለሁ። እስካሁን ማንም አልደረሰበትም።