ስልክ ላይ የሚለጠፈው «ናኖ» ስቲከር ጨረር ያስቀራል?

ጅማ መርካቶ ሞባይል ቤት ጎራ ካላችሁ፣ ከከቨርና ከግላስ ጎን ሳንቲም የምታክል ወርቃማ ስቲከር ልታዩ ትችላላችሁ። «ናኖ ነው፣ ጨረሩን 99 በመቶ ያስቀራል» ይባልላታል። ስለ ናኖ፣ ማለትም በዓይን ስለማይታይ እጅግ ደቃቅ ቁስ፣ የሚወራው ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ብዙው ቦታውን ስቷል።

«ጨረሩን ያስቀራል፣ ኔትወርክ ግን አይነካም።»

ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ጨረር የሚባለው የስልኩ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ኔትወርኩም የሚመጣው በዚያው ሞገድ ነዋ! አንቴናውን በእውነት የሚጋርድ ነገር ከለጠፋችሁ ስልኩ ማማውን ለማግኘት ኃይል ይጨምራል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ምንም ለውጥ ካላያችሁ ደግሞ ስቲከሯ ሥራ ፈት ናት። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስልኩን በኩሽና ፎይል ጥግ ሳታስቀሩ ጠቅልሉና ደውሉለት። አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም። ከጠራ የሆነ ቦታ ክፍተት ትታችኋል። በ1 ጊጋኸርዝ ሞገዱ አልሙኒየም ውስጥ 2.6 ማይክሮሜትር ያህል በገባ ቁጥር ጥንካሬው ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ ፎይሉ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል።

«መከላከያ ማለት ሞገዱን የሚውጥ ነው።»

ፎይል አይውጥም፤ ግድግዳ እንደነካ ኳስ ይመልሰዋል። ሞገዱን ውጦ ወደ ሙቀት መቀየር ሌላ ሙያ ነው፣ ከራዳር መሰወር የሚፈልግ አውሮፕላንም የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው። ችግሩ፣ ኤሌክትሪክ አብዝቶ የሚያስተላልፍ ነገር ሞገዱን ገና ከደጅ ይመልሰዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ካርቦን ናኖቲዩብን (እጅግ የቀጠነ የካርቦን ቱቦ) ከማግኔታዊ ብናኝ ጋር ይቀላቅላሉ፣ ወይም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያበዙበታል። ሞገዱ መጀመሪያ መግባት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ሲንከራተት ይደክማል።

«እንግዲያው ናኖ የማስታወቂያ ቃል ብቻ ነው።»

ይሄም ስህተት ነው። ፊላደልፊያ ያለው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ በ2011 ይፋ ያደረገው ማክሲን የሚባል፣ እጅግ ስስ ንጣፎች ያሉት የናኖ ቁስ ቤተሰብ አለ። በ2016 ከዚሁ የተሠራ 45 ማይክሮሜትር ስስ ሽፋን ሞገዱን በ92 ዴሲቤል (የመዳከሙ መለኪያ ነው) ቀነሰ፤ የሚያልፈው ኃይል ከቢሊዮን አንድ እጅ አይሞላም። ብረትም በደንብ ይከላከላል፤ ማክሲን ግን ቀላል ነው፣ እንደ ቀለምም ይቀባል። እንዲህ ያለ መከላከያ በዋናነት የሚሠራው ለመሣሪያው ነው። ጠጋኝ ስልክ ሲከፍት ቦርዱ ላይ ትናንሽ የብረት ክዳኖች ታያላችሁ። ቺፖቹ እርስ በርስ እንዳይረባበሹ የተደፉ ናቸው እንጂ ለባለቤቱ ጆሮ አይደለም።

«ራውተር አጠገብ ከሰል ማስቀመጥ ጨረሩን ለመቀነስ ይጠቅማል።»

ከሰሉን ለጀበናው ተዉት። የኛ የቡና ገለፈት እንኳ ከስሎ ሞገድ እንዲከላከል አየር በሌለበት እስከ 800 ዲግሪና ከዚያ በላይ መጋል አለበት፤ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፈው ያኔ ነው። ያም ሆኖ ጥግ ላይ የተቀመጠ ነገር በሌላ በኩል የሚያልፈውን ሞገድ አያስቆምም።

«የስልክ ጨረር እንደ ኤክስሬይ ነው።»

አይደለም፤ ዘረመልን የሚሰብር ጉልበት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ተርታ መድቦታል፤ ያመጣል ማለት ግን አይደለም። ቅር ካላችሁ ኢርፎን ተጠቀሙ። ኔትወርክ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ቦታም ረጅም ወሬ አትያዙ፤ ስልኩ አብዝቶ የሚለፋው እዚያ ነው።