የሀሪኬን ስንቅ ምንድን ነው?

ሀሪኬን ከባሕር ተነሥቶ ከባድ ዝናብ ይዞ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው። የሀሪኬን ስንቅ ማለት ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ ቧንቧ ሲደርቅ ወይም ውሃው ሲበከል፣ ሱቅ ሲዘጋና መንገዱን ጎርፍ ሲይዘው አንድ ቤተሰብ የሰው እጅ ሳያይ የሚቆይበት ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራትና ሰነድ ነው። «ስንቅ» የሚለው ቃል በደንብ ይስማማዋል። ልዩነቱ፣ የድሮው መንገደኛ ስንቁን በአገልግል ቋጥሮ ይወጣ ነበር፤ ይኸኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ እቤቱ ተቀምጦ ነው የሚበላው።

ሰው በብዛት የሚዘጋጀው ለነፋሱ ነው፤ ነፋሱ ግን በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ስንቁ ለማግስቱና ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው ሀሪኬን በማታጎርዳ በኩል አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲገባ ደረጃው 1 ነበር፤ ከአምስቱ ደረጃዎች ዝቅተኛው ማለት ነው። ሆኖም በቴክሳስ ትልቋ ከተማ በሂውስተንና አካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ በዚያ የጁላይ ሙቀት ከሳምንት በላይ የጠበቁም ነበሩ። ደረጃው የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ከባሕር ስለሚገፋው ውሃ፣ ምሰሶው ስንት ቀን ተጋድሞ እንደሚቆይ ምንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው ሀሪኬን ሂውስተንን ያጥለቀለቃት ነፋሱ ከደከመ በኋላ፣ በዝናቡ ነበር።

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን። አናቱ ሴፕቴምበር 10 ገደማ ላይ ይውላል፤ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ። ስለዚህ ስንቁ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ተሟልቶ ቢያልቅ ነው የሚሻለው። ማስጠንቀቂያ ከተነገረ በኋላ ሱቅ የሚሮጥ ሰው ባዶ መደርደሪያ ይጠብቀዋል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ ውሃ ነው።

የውሃው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ ነው፤ ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ እጅና ጥርስ ለመታጠብም። ትንሹ ዝግጅት የሦስት ቀን ቢሆንም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ከሰባት ቀን ባያንስ እንመክራለን። ሒሳቡን ሥሩት፦ አራት ሰው ለሰባት ቀን 28 ጋሎን ይፈልጋል፤ ከ100 ሊትር በላይ፣ ክብደቱም ከ100 ኪሎ በላይ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ እሽግ ገዝቶ «ውሃ አለን» ይላል። ባለ ግማሽ ሊትር 24 ጠርሙስ ግን 12 ሊትር ብቻ ነው፤ አራት ሰው አንድ ቀን እንኳ አያደርስም። ለቀሪው ባለ 5 ጋሎን ጀሪካን ይሻላል፤ ሲሞላ 19 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ፎቅ ላይ የሚኖርም ያወጣዋል። የወተት ጋሎን አትጠቀሙ። ቢታጠብም የወተቱ ቅሪት ከፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ባክቴሪያ ያበቅላል።

የመታጠቢያ ገንዳውን አስቀድሞ መሙላት ጥሩ ነው፤ ያ ውሃ ግን ለሽንት ቤት እንጂ ለመጠጥ አይደለም። የገንዳው መድፈኛ ቀስ እያለ ስለሚያፈስ ማታ የሞላችሁት ጠዋት ጎድሎ ይገኛል፤ ከመድፈኛው ሥር ወፍራም ላስቲክ አድርጉበት። የውሃ ማሞቂያ ያለው ቤት ደግሞ ሳያውቀው ጎተራ አለው፤ የተለመደው ዓይነት ከ40 እስከ 50 ጋሎን ይይዛል። ለመቅዳት መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ወይም ጋዙን አጥፉ፤ ሳያጠፉ ባዶ ማድረግ ማሞቂያውን ያቃጥለዋል። ቀጥሎ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ውሃ ዝጉ፣ ቤት ውስጥ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ከዚያ ከሥሩ ባለው ማፍሰሻ ቅዱ፤ ትኩስ ስለሚሆን እጃችሁን ጠብቁ።

የቧንቧ ውሃ «አፍልታችሁ ጠጡ» ከተባለ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ይበቃዋል። ማፍያ ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና አለ። ጠርሙሱ 6 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1 ጋሎን 8 ጠብታ፣ 8.25 በመቶ ከሆነ 6 ጠብታ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና ጠብታውን እጥፍ አድርጉ። ቀላቅላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ትንሽ ክሎሪን መሽተት አለበት፤ ካልሸተተ ያንኑ ያህል ጨምሩና ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቁ። በዓይን ግምት ማንጠባጠብ ስለማያዋጣ የመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ከጠርሙሱ ጋር እሰሩ። ዓመት ያለፈው በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም በየግንቦቱ ቀይሩት። መንገድ ላይ የተኛውን የጎርፍ ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያነጻውም፤ ነዳጅና ኬሚካል ይዟል።

ምግቡ ላይ የሐበሻ ጓዳ ከብዙዎቹ ይቀድማል። ጥሩ የሀሪኬን ምግብ ማቀዝቀዣ፣ እሳትና ብዙ ውሃ የማይፈልግ ነው፤ በሶ ሦስቱንም ያሟላል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 150 ግራም ቢበቃ፣ አራት ሰው ለሰባት ቀን በቀን አንዴ ቢበላ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ይሆናል። ጠንከር አድርጎ መጨበጥ ከብጥብጡ ይልቅ ውሃ ይቆጥባል። እንጀራ ፍሪዘር ውስጥ ስላለ ብቻ ስንቅ አይባልም፤ መብራት ከጠፋ በቀናት ይሻግታል። ድርቆሽ ግን ስንቅ ነው። በዚያ ወበቅ ትንሽ እርጥበት ከቀረው ስለሚሻግት እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ማድረቅና አየር በማያስገባ ዕቃ መክደን ነው። የታሸገ ቲማቲም፣ ዘይት፣ ሎሚና ቃሪያ ካለ እሳት ሳይነካው የቲማቲም ፍትፍት ይወጣዋል። ጩኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ ይጨመሩ፤ ቆሎው ጨው ከበዛበት ግን የውሃውን ስሌት ያፋልሰዋል። ሽሮ? እሳት ይፈልጋል፤ በሁለተኛ ደረጃ ያዙት።

አሜሪካ ውስጥ የሚሰጡ ዝርዝሮች ቱና ይበዛባቸዋል። ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ በወቅቱ መሐል ስለሚውል ጾመኛ ቤት የታሸገ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ይያዝ። የእጅ ቆርቆሮ መክፈቻም አትርሱ፤ የኤሌክትሪኩ በዚያን ቀን ጌጥ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ከስንቁ ዕቃ ሁሉ ሰው የሚገድለው ከሰል ነው። መብራት በጠፋበት ቤት መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል፣ በረንዳ ላይ የተቀጣጠለውን ምድጃ «ነዷል» ብሎ ወደ ሳሎን ማስገባት፣ ጋራዥ ውስጥ ጄኔሬተር ወይም መኪና ማስነሳት ሁሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫሉ። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። ጢሱ ያለቀ ቀይ ፍም ደህና የመሰለው እዚህ ላይ ነው የሚያታልለው፤ ጢስ ባይኖርም ጋዙ ይወጣል። የሁሉም ሰው ራስ አብሮ ከታመመ፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣና ወደ አሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ 911 ይደወል። ከሰልም ሆነ ባለ ቆርቆሮ ጋዝ ምድጃ ውጭ ይሁን፤ ጄኔሬተር ደግሞ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 20 ጫማ፣ 6 ሜትር ይራቅ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የስንቁ አካል ነው። ለቡናው፣ ጠዋት ውጭ አንዴ ማፍላትና ፔርሙዝ ውስጥ መገልበጥ ከሰሉንም ይቆጥባል። ሦስቱን ስኒ ከዚያ መቅዳት ነውር የለውም።

ማቀዝቀዣ ካልተከፈተ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ ሙሉት፤ ሲረጋ ስለሚነፋ ግን እስከ አፉ አትሙሉ። ቤት ጥላችሁ የምትወጡ ከሆነ አንድ ስኒ ውሃ አስረግታችሁ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከሥር ከተገኘ በረዶው ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው፤ ሥጋውን ጣሉት። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ፣ በብዛት የሚታዘዙት ዓይነቶች ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስከ 28 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያሉ፤ የመድኃኒቱን ወረቀት እዩ። በረዶ ላይ ቀጥታ ማስቀመጥ ነው የሚያበላሸው፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። በፎጣ ጠቅልሉት።

ከቤት ውጡ ከተባለስ? ጀሪካኑ ሁሉ አይጫንም፤ ስለዚህ ሁለተኛ፣ ትንሽ ስንቅ በቦርሳ ያስፈልጋል። በሂውስተንና ጋልቬስተን አካባቢ የመውጫ ዞኖቹ በዚፕ ኮድ (በፖስታ አድራሻ ቁጥር) የተከፋፈሉ ናቸው፤ የእናንተን ዛሬ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሀሪኬን ሪታ ጊዜ መንገዱ ተዘጋግቶ ሰው በሙቀቱ መኪና ውስጥ ከ20 ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ ቦርሳው ውሃና ምግብ የሚይዘው ለዚህ ነው። የሳምንት መድኃኒት ከትእዛዝ ወረቀቱ ጋር፣ ለሕፃን ሳይበጠበጥ የሚጠጣ ወተት፣ በትናንሽ ኖት የተዘረዘረ ብር ይግባ፤ መብራት ከሌለ የካርድ ማሽኑም የነዳጅ ማደያውም አይሠራም። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ወረቀትና የኢንሹራንስ ውል ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይሁኑ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው።

ለመብራት የእጅ ባትሪ እንጂ ሻማ አይሁን። ድንጋዩን ከውስጡ አውጥታችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ብዙ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ኬሚካል ፈስሶ መገናኛውን ይበላዋል። ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ስልክን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል። የአየር ሁኔታ ራዲዮ 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሚያስተላልፍ ተራ ኤፍኤም አይዘውም፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ሳጥኑን ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሙቀቱ መድኃኒቱንም ባትሪውንም ያበላሻል። ወለል ላይም አይሁን፤ ጎርፉ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጉልበት ከፍ ባለ መደርደሪያ። ኅዳር ጽዮን ደርሶ ወቅቱ ሲዘጋ ጾመ ነቢያት ገብቶ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ የተረፈው ሽምብራና ምስር በዚያው ይበላል፣ የጀሪካኑ ውሃ አትክልት ይጠጣበታል፣ ዕቃው ታጥቦ በደረቁ ይከደናል።