መግነጢሳዊ ዳግም ትስስር ምንድን ነው? የሚበጠስ ገመድ የለም

ሰሞኑን ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ስንጠጣ አንድ ተናጋሪ ስለ መግነጢሳዊ ዳግም ትስስር ሲያስረዳ፣ «የመግነጢስ መስመሮች እንደ ላስቲክ ተወጥረው ይበጠሱና ኤሌክትሮኖችን ይወነጭፋሉ» ሲል ሰማሁ። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል፤ የመስክ መስመር አቅጣጫን ለማሳየት የምንስለው ምልክት እንጂ የሚቆረጥ ክር አይደለምና።

የድሬዳዋን የባጃጅ መስመር እናስብ። አንዱ በከዚራ፣ ሌላው በመጋላ ውስጥ ብቻ ይመላለስ እንበል። ደቻቱ ድልድይ ዘንድ ሲቀራረቡ ስምሪቱ ተለውጦ እያንዳንዱ መስመር ግማሹ በከዚራ፣ ግማሹ በመጋላ ቢሆን፣ የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ነው፤ አስፋልቱን የቆረጠው የለም። በፕላዝማ (ኤሌክትሪክ በተሸከሙ ቅንጣቶች የተሠራ ጋዝ) ውስጥም ተሳፋሪው፣ ማለትም ቅንጣቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ አይወርድም። ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው መስኮች በቀጭን የኤሌክትሪክ ጅረት ንጣፍ ላይ ሲገጥሙ ግን በመጀመሪያ አዮኖቹ (እንደ ፕሮቶን ያሉት ከባዶቹ ቅንጣቶች)፣ ቀጥሎም ከፕሮቶን 1836 ጊዜ ያህል የሚቀሉት ኤሌክትሮኖች ከመስኩ ይላቀቃሉ፤ ስምሪቱ የሚለወጠውም እዚያ ነው፤ ዳግም ትስስር የምንለው ይህንኑ ነው።

ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ድልድዩ ባጃጁን አያፈጥነውም። መግነጢሳዊ ኃይልም ቢሆን ምንጊዜም ለቅንጣቱ ጉዞ ቀጤ ነክ ስለሆነ አቅጣጫውን ያጠመዝዛል እንጂ ኢነርጂ አይጨምርለትም፤ ኢነርጂ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ላስቲኩ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ የታጠፈው መስክ ሲቃና ፕላዝማውን በጅምላ ገፍቶ ያስወጣል። ሆኖም የጅምላ ሒሳብ የአንዱን ኤሌክትሮን ጉዞ አይነግረንም።

ያንን ለማየት ናሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ዳግም ትስስርን የሚያጠኑ፣ ኤምኤምኤስ (MMS) የተባሉ አራት መንኮራኩሮችን አመጠቀ። አንድ መንኮራኩር ብቻውን ለውጥ ቢመዘግብ፣ ነገሩ ራሱ ተለወጠ ወይስ በላዩ አለፈ የሚለውን መለየት አይችልም፤ ስለዚህ አራቱ ፒራሚድ ሠርተው፣ አንዳንዴም እስከ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀራርበው ይበርራሉ፤ ኤሌክትሮኖችንም በየ30 ሚሊሰከንዱ ይለካሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2015 የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከፀሐይ ነፋስ ጋር በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ኤሌክትሮኖች ከመስኩ የሚላቀቁበትን ጠባብ ስፍራ ሲያቋርጡ፣ የኤሌክትሮኖቹ የፍጥነት ሥርጭት (ምን ያህሉ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ የሚያሳየው ሥዕል) የጨረቃ ማጭድ መስሎ ታየ፤ የመስኩ ኢነርጂም ወደ ቅንጣቶች ሲሻገር ተለካ።

ይህ ማለት ግን ፍጥነት ሁሉ የሚገኘው በዚያች ስፍራ ነው ማለት አይደለም። ኤሌክትሮኖች ከዚያ ርቀው፣ በሚኮማተሩ መግነጢሳዊ ደሴቶች (የመስክ መስመሮች ዞረው በተዘጉባቸው ስፍራዎች) ውስጥ እየተመላለሱም ኢነርጂ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ «ዳግም ትስስር አፈጠናቸው» የሚል ሰው የትኛው የኤሌክትሪክ መስክ፣ በየትኛው ስፍራ እንደሆነ ቢያክልልን ደግ ነው።